የእቁብ ዕጣ በሁለት ሚዛን

ጎንደር ቅዳሜ ገበያ 20 ነጋዴዎች በየሳምንቱ 500 ብር እቁብ ይጥላሉ እንበል። የአንዷ ልጅ ታመመባት። ዳኛው በስውር ዕጣውን አዙሮ 10,000 ብሩን ለእሷ ያውጣላት?

መጀመሪያ ውጤቱን መዝኑ። እንግሊዛዊው ፈላስፋ ቤንታም ደስታንና ሕመምን ለመመዘን በ1789 እ.ኤ.አ. ካስቀመጣቸው ሰባት መለኪያዎች አራቱ ይበቃሉ፦ ጥንካሬ፣ ቆይታ፣ እርግጠኝነት፣ የሚነካቸው ሰዎች ብዛት። ብዙ ሰው ልጁን ብቻ ቆጥሮ ያቆማል፤ ነገሩ ከተሰማ እቁቡ እንደሚፈርስ ይረሳል።

ቀጥሎ ግዴታውን። ጀርመናዊው ፈላስፋ ካንት በ1785 እ.ኤ.አ. ያቀረበው ፈተና እዚህ ላይ ሲውል «ዳኛ ሁሉ እንዲህ ቢያደርግስ?» የሚል ነው። እዚህ ላይ ነው ስህተት የሚበዛው። «ጉዳት ይመጣል» ካላችሁ ተመልሳችሁ ውጤት እየቆጠራችሁ ነው (ተማሪ ሁሉ የሚወድቅባት ጉድጓድ!)። መልሱ ሌላ ነው፦ ዕጣ ሁሉ የሚጭበረበር ከሆነ ማንም ዕጣን አያምንም፤ ማታለያው ራሱ አይሠራም። ደግሞም የተታለሉት አባላት፣ ሳይጠየቁ፣ መሣሪያ ብቻ ሆነዋል።

ልዩነቱን ለማየት አንድ ነገር ብቻ ለውጡ፦ ማንም ፈጽሞ አያውቅም። የውጤቱ ሚዛን ወደ ልጁ ያጋድላል፤ የግዴታው ንቅንቅ አይልም።

ዳኛው ጉዳዩን በግልጽ አንስቶ ባለዕጣው በፈቃዱ ተራውን ቢለቅላትስ? ሁለቱም ሚዛኖች ያሳልፉታል።