ጠገራ ብር ከሣጥን ሲወጣ፦ አለያየቱና አያያዙ

ደብረ ማርቆስም ሆነ ሞጣ፣ ቡሬም ሆነ ደጀን ከአያት ሣጥን ጠገራ ብር ሲወጣ መጀመሪያ የሚፈጸመው ጥፋት አንድ ነው፤ በአመድና በሎሚ መፈተግ። እባካችሁ አትፈትጉት። አመዱ ፊቱን ይፍቃል፣ ሎሚው ከብሩ ጋር የተቀላቀለውን መዳብ ይበላል። የተፈተገ ጠገራ አንጥረኛ በሚዛን ከሚገዛው ዋጋ ብዙም አያልፍም፤ የጠፋው ፊት ደግሞ አይመለስም።

«1780» የሚለውን አይታችሁም ዕድሜውን አትወስኑ። 1780 እ.ኤ.አ. ምስሏ በጠገራው ላይ ያለው የኦስትሪያ ንግሥት ማርያ ቴሬዛ የሞተችበት ዓመት ነው፤ ከዚያ ወዲህ የተቀረጸው ሁሉ ይህንኑ ዓመት ይዞ ቀርቷል። የቪየና ሳንቲም መቅረጫ ቤት ዛሬም ይቀርጸዋል፤ በ1930ዎቹና 40ዎቹ እ.ኤ.አ. ደግሞ ሮም፣ ለንደን፣ ፓሪስ፣ ብራሰልስና ቦምቤይ ቀርጸውታል። አሁን ለሰብሳቢዎች የሚወጣው ዓይነት መደቡ፣ ማለትም ከምስሉና ከጽሑፉ ውጭ ያለው ልሙጥ ገጹ፣ እንደ መስተዋት ያንጸባርቃል። እንዲህ ያለውን «የጥንት ነው» የሚል ሻጭ ቢገጥማችሁ የጥንት ዋጋ አትክፈሉ፤ ሐሰተኛ ባይሆንም አዲስ ነው።

አሁን ወደ ሚዛኑ። አንጥረኞች የሚጠቀሙበት፣ እስከ 0.01 ግራም የሚያነብ ትንሽ ሚዛን ያስፈልጋል። ትክክለኛው ጠገራ 28.07 ግራም ነው፤ ከሺህ 833 እጁ ብር፣ ቀሪው መዳብ። ብዙ እጅ የነካው ትንሽ ይቀልላል፤ ለአንገት ጌጥ ቀለበት የተበየደበት ይከብዳል።

ክብደቱ ብቻ ግን አያረካም፣ ሐሰተኛም በልክ ሊሠራ ይችላልና ውኃ ውስጥ መመዘን አለበት። ብርጭቆ ውኃ ሚዛኑ ላይ አስቀምጡና ዜሮ አድርጉት። ጠገራውን በቀጭን ክር አስራችሁ ሙሉ በሙሉ አጥልቁት፤ ታቹንም ጎኑንም አይንካ። ሚዛኑ 2.75 ግራም አካባቢ ማንበብ አለበት። 3.1 ወይም ከዚያ በላይ ካነበበ ነሐስ ወይም መዳብና ኒኬል ነው፤ 2.5 ካነበበ እርሳስ ነው ብላችሁ ጠርጥሩ። ገጹ ላይ የአየር አረፋ ከተለጠፈ ንባቡ ያለአግባብ ከፍ ይላል፣ ስለዚህ ክሩን ነቅነቅ አድርጋችሁ ደግማችሁ አንብቡ። ቀለበት ያለበት ላይ ይህ ስሌት አይሠራም።

ማግኔት የሚስበው ከሆነ ሐሰተኛ ነው፤ አለመሳቡ ግን ምንም አያረጋግጥም፣ ነሐስም እርሳስም አይሳቡምና። ድንጋይ ላይ ጥሎ ድምፁን መስማት የድሮ ልማድ ነው፤ ጠርዙን ስለሚጎዳ ቢቀር ይሻላል። በጣት ጫፍ ላይ አስቀምጦ በሌላ ሳንቲም ቀስ ብሎ መምታት ይበቃል፤ እውነተኛው ይጮኻል። የተበሳ ወይም የተበየደ ጠገራ እውነተኛም ሆኖ ዝም ይላል።

ከሁሉ በላይ የምናምነው ጠርዙን ነው። ዙሪያውን «ፍትሕና ምሕረት» የሚሉ የላቲን ፊደላት ጎላ ብለው ቆመዋል። በቅርጽ ፈስሶ የተሠራ ሐሰተኛ እዚህ ላይ ይጋለጣል፦ ፊደሉ የደነዘዘ ይሆናል፣ ወይም ሁለቱ ቅርጾች የተጋጠሙበት መስመር በጣት ይዳሰሳል። ከዚያ በማጉያ መነጽር የንግሥቲቱን የትከሻ ጌጥ እዩ፤ ባልተበላ ጠገራ ላይ ዕንቁዎቹ አንድ በአንድ ይቆጠራሉ። ከደረቷ በታች ኤስ እና ኤፍ የተባሉት ሁለት ፊደላት አሉ።

የምኒልክ ብር ካገኛችሁ በተለይ ጠብቁት። ፓሪስ የተቀረጸው ይህ ብር 1887 ዓ.ም.ን ወይም ከዚያ ጥቂት ቆይቶ ያለ ዓመትን በግዕዝ ቁጥር ይዟል፤ ክብደቱ 28.075 ግራም፣ የብር መጠኑ ከሺህ 835 ነው፤ ስለዚህ የውኃው ንባብ ያው ነው። ባላገሩ ጠገራውን አልለቅ ብሎ ስለነበር የምኒልኩን እንደ ጠገራው በየቤቱ አታገኙትም።

ቅቤና ላብ የጠጣ የአንገት ጌጥ ከሆነ ለብ ባለ ውኃና በጥቂት ፈሳሽ ሳሙና ነክራችሁ፣ ሳታሹ፣ በለስላሳ ጨርቅ ጠቅ ጠቅ እያደረጋችሁ አድርቁ። ጥቁረቱ ይቆይ። ቀለበቱንም አታስነሡ፤ የብየዳው እሳት የማይጠፋ ጠባሳ ይተዋል፣ ጌጡም የራሱ ታሪክ አለው።

በላስቲክ ጎማ አትጠቅልሉት፣ ጎማው ውስጥ ያለው ድኝ ያጠቁረዋል። ከምድጃ ጭስም ይራቅ። እያንዳንዱን ለየብቻ በወረቀት ፖስታ አድርጋችሁ በደረቅ ቆርቆሮ ሣጥን አኑሩት፤ በክረምት እርጥበት እንዳይገባው ጫማ ካርቶን ውስጥ የሚገኘውን እርጥበት መጣጭ ከረጢት ጨምሩ። ክብደቱንና ከማን እንደተወረሰ ፖስታው ላይ በእርሳስ ጻፉ፤ ጽሑፉን ጠገራው ከመግባቱ በፊት ጨርሱ፣ የእርሳሱ ጫፍ በወረቀቱ አልፎ ፊቱን እንዳይጭረው።