በጎጃም የጉዞና የፍጆታ ልማድ ለውጥን ለመከታተል

በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከሉበት ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በባሕር ዳር ወይም በደብረ ማርቆስ የሰው አካሄድ ምን ያህል እንደተለወጠ ማወቅ የሚፈልግ፣ አንድ መስቀለኛ መንገድ መርጦ በገበያ ቀንና በሥራ ቀን፣ ዘወትር በተመሳሳይ ሰዓት፣ እግረኛውን፣ ጋሪውን፣ ባጃጁን፣ ሚኒባሱንና የግል መኪናውን ለየብቻ ይቁጠር። የኤሌክትሪክ መኪና የጭስ ማውጫ ስለሌለው ከኋላው ሲታይ ይለያል።

የቤት ፍጆታ የበለጠ ጥንቃቄ ይጠይቃል። «አብዛኛውን ጊዜ በምን ያበስላሉ?» ተብሎ ሲጠየቅ ሰው የሚመኘውን ሊመልስ ስለሚችል፣ «ትናንት እንጀራው በምን ተጋገረ? ወጡስ? ቡናውስ?» ብሎ አንድ በአንድ መጠየቅ ይሻላል፤ እንጀራው በኤሌክትሪክ ምጣድ ተጋግሮ ቡናው በከሰል የሚፈላበት ቤት ብዙ ነውና። የከሰል ማዳበሪያ አሞላሉ ስለሚለያይ በቁጥር ሳይሆን በሚዛን ይመዝገብ። በአዊ በኩል፣ በተለይ በፋግታ ለኮማ ወረዳ፣ ገበሬው ዲከረንስ የተባለውን ዛፍ በማሳው ተክሎ ከሰል ስለሚያከስል፣ የከሰል መብዛት ብቻውን የተፈጥሮ ደን መመናመንን አያሳይም፤ ይህን ሳያጣሩ ገበሬውን መውቀስ ተገቢ አይመስለኝም።

ዓመትን ከዓመት ሲያነጻጽሩ ወርን ከወር ብቻ ማስተያየት ያሳስታል። የ55 ቀኑ ዐቢይ ጾም መግቢያው በየዓመቱ ስለሚለዋወጥ፣ የሥጋ፣ የወተትና የዘይት ፍጆታ ጾሙ ከጾም፣ ፍስኩ ከፍስክ ጋር ይነጻጸር። መብራት የጠፋበትና ነዳጅ ያልተገኘበት ቀንም በመዝገቡ ኅዳግ ላይ በዕለቱ ይጻፍ።