ቲዎሪ ሸምድደው ለሚመጡ የካውንስሊንግ ተማሪዎች፦ ደጋግሜ ያየኋቸው ስህተቶች

ጎንደር ውስጥ የካውንስሊንግ ተማሪዎችን በተግባር ልምምዳቸው ላይ እከታተላለሁ። በየዓመቱ አዳዲስ ልጆች ይመጣሉ። ጎበዞች ናቸው። የታወቁትን የሥነ ልቦና ሕክምና ሊቃውንት፣ የካርል ሮጀርስንም የአሮን ቤክንም ሐሳብ በቃላቸው ይወጡታል። ሰው ፊት ሲቀመጡ ግን ያው ስህተት ይመጣል። ሰሞኑን አንዱን ለስንተኛ ጊዜ እንደሆነ እንጃ አየሁትና፣ ልጻፈው አልኩ።

ስህተቱ ይሄ ነው፦ "ምን ይሰማዎታል?" ብሎ ጠይቆ መልሱን አለመስማት።

አንዲት እናት መጡ። ማንነታቸው እንዳይታወቅ አንዳንድ ነገር ቀይሬያለሁ። ተማሪዋ ጠየቀቻቸው። የነጠላቸውን ጫፍ በጣታቸው እየጠቀለሉ፣ "ልጄ፣ አንጀቴ እርር ብሏል። ሲመሻሽ ሆዴን ባር ባር ይለኛል" አሏት። ተማሪዋ ማስታወሻዋ ላይ "ስሜታቸውን መግለጽ አልቻሉም፤ የሚናገሩት ስለ አካላዊ ሕመም ብቻ ነው" ብላ ጻፈች። ቀጥላ ለሆዳቸው መድኃኒት ይወስዱ እንደሆነ ጠየቀቻቸው። እናትየዋ ዝም አሉ።

ያንን ማስታወሻ ሳነብ በጣም አዘንኩ። እኛ እኮ የምናዝነው በሆድና በአንጀት ነው። ሆድ ይብሳል። ሆድ ይባባል። አንጀት ይቃጠላል። ተማሪዋ ራሷ ቤቷ ስትገባ እንደዚሁ ነው የምታወራው። የተማረችበት መጽሐፍ ግን እንግሊዝኛ ነው። የመጽሐፉ የስሜት ቃላት ዝርዝር ላይ የሌለ ቃል ሲመጣባት ስሜት መሆኑ ጠፋባት። እውነተኛ የሆድ ሕመም ካለ ሐኪም ይየው፤ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው። እዚህ ጋ ግን የሚጠየቀው "ባር ባር የሚልዎት መቼ መቼ ነው?" ነበር። በሚቀጥለው ሳምንት ጠየቀቻቸው። ስደት የወጣው ልጃቸው ከሥራ ይገባበት የነበረው ሰዓት ነው። ልጆች፣ እባካችሁ ኤምፓቲን፣ የሌላውን ስሜት በእሱ ቦታ ሆኖ መረዳትን፣ በአማርኛ ተማሩት።

ሁለተኛው የአንተና የአንቱ ነገር ነው። አንዱ ተማሪ፣ ሮጀርስ እኩልነት ይላል ብሎ የ60 ዓመት አባት "አንተ" አላቸው። ሁለተኛ አልመጡም። ሮጀርስ እ.ኤ.አ. በ1957 ባወጣው ጽሑፍ ለለውጥ የሚያስፈልጉ ስድስት ሁኔታዎችን ዘርዝሯል። ሁሉም ሦስቱን ይሸመድዳል፤ ኤምፓቲ፣ ያለ ቅድመ ሁኔታ መቀበል፣ ሐቀኝነት። ስድስተኛው ይረሳል። እሱም ባለሙያው መረዳቱና መቀበሉ ለሰውየው ሊደርሰው ይገባል የሚለው ነው። ለእኚህ አባት አክብሮት የሚደርሳቸው "አንቱ" ሲባሉ ነው።

ለመምከር መቸኮልም አለ። በሩ ላይ "የምክር አገልግሎት" ተብሎ ስለተጻፈ ሰው ምክር ጠብቆ ይመጣል፤ አይፈረድበትም። ግን ጎረቤት፣ ሽማግሌ፣ የነፍስ አባት መክረውት ነው እናንተ ጋ የደረሰው። "እኛ ምክር አንሰጥም" ብላችሁም ፊት አትንሡት። "እስካሁን ማን ምን መከረዎት? የትኛው ጠቀመዎት?" በሉ። ከዚህ ጥያቄ ብዙ ወሬ ይወጣል።

የሚቀጥለውን የሠራሁት እኔ ነኝ። ሥራ በጀመርኩበት ዓመት ወንድሙ የሞተበት ወጣት መጣ። "ያለ እሱ መኖር አልችልም" አለኝ። የሥነ ልቦና ባለሙያው አልበርት ኤሊስ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የጀመረውን፣ የተሳሳተ እምነትን በጥያቄ የመሞገት ዘዴ ገና መማሬ ነበር። "አልችልም ለማለት ምን ማስረጃ አለህ?" አልኩት። ቀና ብሎ አየኝ። "እርስዎ ወንድም የለዎትም?" ብሎኝ ወጣ። አርባው እንኳን አልወጣም ነበር። ዘዴው ጥሩ ዘዴ ነው፤ ዛሬም እጠቀምበታለሁ። ለቅሶ ላይ ላለ ሰው ግን መጀመሪያ አብሮት የሚቀመጥ ያስፈልገዋል።

ማንበብና መጻፍ ለማይችል ሰው ሐሳቡን እየጻፈ የሚሞላው የሐሳብ መመዝገቢያ ቅጽ አትስጡ። በቃል ይሠራል።

አንዱንም የሕክምና ዘዴ በቅጡ ሳያውቁ "እኔ ሁሉንም እቀላቅላለሁ" ማለት ይቅር።

ከጠበል ጋር አትፎካከሩ። ጠበል ሲሄዱ መድኃኒታቸውን አቋርጠው እንደሆነ ግን ሳትጠይቁ አትለፉ።

ከክፍሉ ውጪ ስለመገናኘትም አስቡ። መጽሐፉ ቀድማችሁ ሰላም አትበሉ ይላል። ጎንደር ግን ፒያሳ ላይ ወይም ለጥምቀት ፋሲል መዋኛ መገናኘታችሁ አይቀርም። ዘግቶ ማለፍ ደግሞ እኛ ጋ ንቀት ነው። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን "ብንገናኝ ሰላም ልበልዎት ወይስ ልለፍ?" ብላችሁ ተስማሙ።

የመጨረሻው በጣም ያስፈራኛል። ራስን ስለማጥፋት መጠየቅ ሐሳቡን ያመጣል ብለው የሚዘሉት አሉ። ጥናቶች ይህን አያሳዩም። በእኛ አገር "ምነው በወሰደኝ" የዕለት ተዕለት ንግግር ነው፤ ስለዚህ ጆሮ ይለምደዋል። እናንተ አትልመዱት። "ራስዎን ለማጥፋት አስበው ያውቃሉ?" ብላችሁ በግልጽ ጠይቁ። አዎ ካሉ ብቻቸውን እንዳይወጡ፤ እዚያው ሆናችሁ ደውሉልኝ። ስልኬ ሌሊትም ክፍት ነው።