ቪዲዮውን ዝጉና ደብተር ያዙ
ቀን ሥራ ውላችሁ ኮምፒውተር ሳይንስን በራሳችሁ ለምትማሩ፦ ማታውን ተዉት። እኔ ሐዋሳ ቢሮ ውዬ ማታ ላፕቶፕ ስከፍት እንቅልፍ ይጥለኛል። አሁን ጠዋት ሐይቁ ዳር ሻይ ይዤ፣ 25 ደቂቃ አንድ አልጎሪዝም (ደረጃ በደረጃ የችግር መፍቻ ዘዴ) ብቻ በእስክሪብቶ እሠራለሁ። ለምሳሌ ባይናሪ ሰርች፦ በቅደም ተከተል ከተደረደሩ 1,000,000 ቁጥሮች አንዱን ስትፈልጉ መሐለኛውን እያያችሁ ግማሹን ብትጥሉ ቢበዛ 20 ጊዜ ማየት ይበቃል። ከመጀመሪያው አንድ በአንድ ከሆነ ግን እስከ ሚሊዮን ሊደርስ ይችላል። ቪዲዮ ላይ ስንቴ አይቼው ነበር! የገባኝ ግን 15 ቁጥሮች ወረቀት ላይ ደርድሬ፣ ሦስቴ ተሳስቼ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ደብተሩን ሳላይ ኮዱን እጽፈዋለሁ፤ ያደናቀፈኝ መስመር የሰኞ ጠዋት ሥራዬ ይሆናል።