አራሷ «ደህና ነኝ» ስትል፦ ከጓዳ እስከ ምክክር ክፍል

በወለደች በሦስተኛው በአራተኛው ቀን ሆድ የሚብሳት፣ ያለ ምክንያት እንባዋ የሚመጣ እናት ብዙ ናት። ይህ በሁለት ሳምንት ውስጥ እየቀለለ ይሄዳል። ሁለት ሳምንት አልፎት ካልተዋት ወይም ከባሰባት ግን የወሊድ ድብርት ሊሆን ስለሚችል መታየት አለባት። «ክርስትናው ይለፍና» አትበሉ፤ ለወንድ 40፣ ለሴት 80 ቀን ነው፣ ሕመሙ ያን ያህል አይጠብቅም።

ከሁሉም የሚከብደው ጥያቄውን ማንሳት ነው። «እንዴት ነሽ?» ካላችኋት መልሱ የታወቀ ነው፦ «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።» አማቷ ቡና እየቆላች፣ ጎረቤት ገንፎውን ከቦ ተቀምጦ ሌላ ምን ትበል? እልል የተባለላትና «እንኳን ማርያም ማረችሽ» የተባለች ሴት ከፍቶኛል ብትል ምስጋና ቢስ እንዳትባል ትፈራለች። ስለዚህ ጠያቂ ሲበተን፣ እኅቷ ወይም የልብ ጓደኛዋ ብቻዋን ታግኛት። ባልም ይችላል፣ እናቱ አጠገቡ ከሌለች።

ጥያቄው ትንሽና የሚጨበጥ ይሁን። «ሕፃኑ ሲተኛ አንቺንስ እንቅልፍ ይወስድሻል?» ከሁሉ የሚጠቅመው ይኼኛው ነው። ልጅ የሚያስነሳት እናት ጋደም እንዳለች ድብን ትላለች፤ ቤቱ ጭር ብሎ፣ ልጁም ተኝቶ፣ ዐይኗን አፍጥጣ የምታነጋ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። ቀጥሎ «እህል ይጣፍጥሻል?»፣ «ልጁን ስታዪው ምን ይሰማሻል?» ከዚያ ዝም በሉ። «አይዞሽ፣ ያልፋል» ቶሎ ከመጣ ወሬውን ይዘጋዋል። እሷም ከ«ከፋኝ» ይልቅ «ራሴን ይወጋኛል፣ ወገቤ ተቆረጠ፣ ልቤ ድው ድው ይላል» ልትል ትችላለችና ይህንንም እንደ መልስ ቁጠሩት።

መጨረሻ ላይ በቀጥታ፦ «መኖር አስጠልቶሻል? ራስሽን ወይም ልጁን መጉዳት ይታሰብሻል?» መጠየቅ ሐሳቡን አይፈጥርም። አዎ ካለች ብቻዋን አትተዋት፤ ጎተራ ሥር ያለውን የነቀዝና የተባይ መርዝ ከቤት አውጡ፣ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ሂዱ። እንቅልፍ ጨርሶ ያጣች፣ የሌለ ድምፅ የምትሰማ፣ ነገሯ የተዘበራረቀባት አራስ ደግሞ ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ትወሰድ። ጠበሉ ከሕክምናው ጋር ይሁን፣ በሕክምናው ፈንታ አይደለም።

ወደ ጤና ጣቢያ ስትሄዱ የቀበሌዋን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ብታማክሩ መንገዱ ይቀላል። እዚያ «ራስ ምታት» ብቻ ካለች የሕመም ማስታገሻ ይዛ ትመለሳለች፤ «ከወለድኩ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም፣ ሆዴ ይብሰኛል» ትበል። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ፣ ከዚህ በፊትም አሟት እንደሆነ በወረቀት ጻፉ። የጤና መድን ካላት ሪፈር ሳትይዙ ደብረ ብርሃን ሆስፒታል አትውረዱ፣ ከኪስ ታወጣላችሁ። ከመንዝ ወይም ከመርሐቤቴ በየሳምንቱ መመላለስ የማይሆን ነገር ነው፤ በአቅራቢያው ጤና ጣቢያ በአእምሮ ጤና የሠለጠነ ባለሙያ ካለ ክትትሉ እዚያ እንዲሆን ጠይቁ፣ ቀጠሮውንም ከልጁ የ6፣ የ10 እና የ14 ሳምንት ክትባት ጋር አያይዙት።

ከባለሙያው ጋር በንግግር የሚደረገው ሕክምና፣ ምክክሩ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ45 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት ነው። የመጀመሪያው ቀን ጥያቄ ብቻ ስለሚበዛበት መርፌ የጠበቀች እናት «ምንም አላደረጉልኝም» ብላ ትቀራለች፤ አስቀድማችሁ ንገሯት። ከዚያ በኋላ ቤት ሄዳ የምትሞክረው ትንንሽ ሥራ ይሰጣታል። የሚበላሸውም እዚህ ላይ ነው፦ ሥራው ይተልቃል። «ቤቱን አጽጂ፣ ዘመድ ጠይቂ» ከተባለች ታቅታትና «እኔ የማልረባ ነኝ» ለሚለው ሐሳቧ ማስረጃ ይሆናታል። 10 ደቂቃ በር ላይ መቀመጥ ይበቃል። ምች ይመታታል ብለው ቤተ ዘመድ ከከለከሉ አትከራከሩ፤ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ በሩ ተከፍቶ፣ ከውስጥ ትቀመጥ።

ሐሳቧንም ከባለሙያው ጋር ትመረምረዋለች። «መጥፎ እናት ነኝ» ስትል ትናንት ሌሊት ስንት ጊዜ ተነሥታ እንዳጠባች ትቆጥራለች፣ እንግዲህ መጥፎ እናት ሦስት ጊዜ ትነሣለች?

መድኃኒት ከታዘዘላት እንደምታጠባ ትናገር፤ ከማጥባት ጋር የሚስማማ አለ። ለውጡ የሚታየው ከ2 እስከ 4 ሳምንት ቆይቶ ነው። ሲሻላት በራሷ አታቁመው፣ ሕመሙ ሊመለስ ይችላል።

ለባልየው አንድ ሥራ አለ። ሌሊት በተቻለ መጠን እንቅልፏ ሳይቋረጥ ለ4 ወይም ለ5 ሰዓት ያህል ትተኛ። ልጁ ሲያለቅስ ጨርቁን የሚቀይረው፣ የሚያስገሳው፣ የሚያባብለው እሱ ይሁን፤ መጥባት ካለበት ብቻ አምጥቶ ያስጠባና መልሶ ይውሰደው።