ከወሊድ ፈቃድ ወደ ሥራ ሲመለሱ መወገድ ያለባቸው ስህተቶች

ሕፃናት ማቆያ ውስጥ ነው የምሠራው። ልጅ የሚያስረክቡኝ ወላጆች ይለያያሉ፤ ስህተቶቹ ግን ያው ናቸው። በተለይ የመጀመሪያ ልጃቸውን የወለዱት አንጀቴን ይበሉታል። ቀድሞ የነገራቸው ሰው የለም።

አንደኛው ስህተት ዝግጅቱን ለመጨረሻው ሳምንት ማቆየት ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ (ቁጥር 1156/2011) ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ፈቃድ ይሰጣል። ሐኪም ደግሞ እስከ 6 ወር የእናት ጡት ወተት ብቻ ይላል። በመሃል ያለውን ጊዜ በአንድ እሑድ መሸፈን አይቻልም። ልጁ በጡጦም በኩባያም ጠጥቶ አያውቅም። ሰኞ ጠዋት ለማያውቀው ሰው ይሰጣል። አልጠጣም ብሎ ሲያለቅስ ይውላል፤ እናቱም ቢሮ ጡቷ ተወጥሮ ትሰቃያለች። ሁለት ሦስት ሳምንት ቀድማችሁ ማለብ ጀምሩ። የሚያጠጣውም ሌላ ሰው ይሁን፤ እናቱ ከያዘችውማ ጡቱን ነው የሚፈልገው። የታለበ ወተት ፍሪጅ ውስጥ እስከ 4 ቀን፣ ከፍሪጅ ውጪ እስከ 4 ሰዓት ይቆያል። ቀኑን ጻፉበት። መብራት ጠፍቶ ብዙ ከቆየ ድፉት።

የዓመት ፈቃዳችሁንም በእርግዝና ጊዜ አትጨርሱ። ለመጀመሪያው ዓመት አገልግሎት እንኳ 16 የሥራ ቀን አለ። ከወሊዱ ፈቃድ ጋር ስታያይዙት ትልቅ እፎይታ ነው።

ከ6 ወር በፊት የላም ወተት፣ ውሃም ሆነ አብሽ አይሰጥም። አያት ብትቆጣም።

አሁን ዝም ልለው ወደማልችለው ልምጣ፦ አንዲት ልጅ ቀጥሮ ቤቱን በሙሉ ማሸከም። ደላላ ያመጣት፣ ከተማውን ገና ያልለመደች፣ ራሷም ልጅ የሆነች ልጅ ሕፃን ታቅፋ ትውላለች። በዚያ ላይ እንጀራ ትጋግር፣ ልብስ ትጠብ፣ ወጥ ትሥራ፣ ማታ ቤቱ ጸድቶ ይጠብቅ። ታዲያ ሕፃኑን ማን ይያዘው? ወይ ቴሌቪዥን ፊት ይጋደማል፣ ወይ ታዝሎ ምድጃ ዳር ይውላል። ክንዱ በትኩስ ውሃ የተቃጠለ ሕፃን እኛ ጋ መጥቶ ያውቃል። ሞግዚቷ በማግስቱ ተባረረች። ሕፃን ታቅፋ ምሳ እንድትሠራ ያዘዟት ግን ወላጆቹ ነበሩ። ሕፃን መያዝ ራሱን የቻለ ሙሉ ሥራ ነው። እንጀራ ግዙ። ልብሱ ይከመር። ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት ቤት ሆናችሁ አብራችኋት ዋሉ፤ አያያዟን እዩ፣ ያላወቀችውን በትዕግሥት አሳዩዋት። ልጁን ቢያንቀው ምን እንደምታደርግ፣ ለማን እንደምትደውል ትወቅ። ደመወዟን በቀኑ ስጧት፣ የእረፍት ቀኗን አትንኩባት። ሞግዚት በየወሩ በሚቀየርበት ቤት ልጁ በየወሩ የለመደውን ሰው ያጣል።

ተደብቆ መውጣትም ይቅር። ልጁ ዞር ሲል ሹልክ ማለት ለጊዜው ለቅሶ ያስቀራል። በተለይ ከ8 ወር ገደማ ጀምሮ ግን ልጁ ዓይኑን ከእናቱ ላይ መንቀል ይፈራል፤ ሽንት ቤት ስትገባም ይጮኻል። ስማችሁት፣ ቻው በሉትና ሂዱ። ቢያለቅስም። አብዛኞቹ እናንተ ታክሲ ሳትይዙ ዝም ይላሉ።

አባቶች፣ አዋጁ ለእናንተ የሚሰጠው 3 ቀን ነው። ያሳዝናል። ቢሆንም «ላግዝሽ» ማለት አይበቃም፤ ሙሉ በሙሉ የእናንተ የሆነ ሥራ ያዙ። ለምሳሌ ክትባቱን። በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት፣ ከዚያ በ9 ወር ካርዱን ይዛችሁ እናንተ ሂዱ። ፈቃዱንም ከአለቃችሁ እናንተ ጠይቁ።

በመጨረሻ፣ የታመመ ልጅ ጠዋት የትኩሳት ሽሮፕ ሰጥታችሁ አታምጡልን። እኩለ ቀን ላይ ትኩሳቱ ይመለሳል፤ እስከዚያ ሌሎቹ ልጆች ተጋብቶባቸዋል። አለቃ እንደሚቆጣ አውቃለሁ። ልጁ ሲታመም ማን ከሥራ እንደሚቀር፣ ጤነኛ ሳለ ተነጋገሩ። አንድ ቀን እሷ፣ አንድ ቀን እሱ።