የግፊት ኪኒን ከጀመራችሁ ወዲህ ሽንት እያመለጣችሁ ነው?

ለቅሶ ስትሄድ ወይም ረጅም መንገድ ሲጠብቃት የግፊት ኪኒኗን የምትዘል እናት በየሰፈሩ አለች። ምክንያቱን ለሐኪሟ እንኳ አትናገርም፤ ታፍራለች። ግን ብዙ ጊዜ መላ አለው። መዝለል መላ አይደለም፤ ግፊት ሳይታወቅ ነው ከፍ የሚለው።

መጀመሪያ ማሸጊያው ላይ ያለውን ስም አንብቡ። ችግሩ የጀመረው ያንን መድኃኒት ስትጀምሩ ወይም መጠኑ ሲጨመር ነው?

ፉሮሴማይድ፣ ማለትም ብዙዎቻችን ላሲክስ የምንለው፣ ከሆነ ነገሩ ግልጽ ነው። ሥራው ጨውና ውሃን በሽንት ማስወጣት ነው። በዋጣችሁ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይጀምርና ከ6 እስከ 8 ሰዓት ይቆያል። ማታ 2 ሰዓት ላይ የዋጠ ሰው እንቅልፍ የለውም። ጠዋት መውሰድ ይሻላል። በቀን ሁለቴ ከታዘዘላችሁ፣ ሁለተኛው ከሰዓት 8 ሰዓት ገደማ ይሆን እንደሆነ ሐኪሙን ጠይቁ። እንደ ላሲክስ ሽንት የሚያበዛው ሃይድሮክሎሮታያዛይድም የሚወሰደው ጠዋት ነው።

ዶክሳዞሲንና ፕራዞሲን የሽንት ፊኛን አንገት፣ ማለትም መውጫውን፣ ያላላሉ። ፕሮስቴት ላስቸገረው ወንድ እፎይታ ነው። ሴት ግን ስትስቅ ወይም ስታስነጥስ ሊያመልጣት ይችላል።

ኤናላፕሪል ጣጣው ሳሉ ነው። ደረቅ ሳል ያመጣል፤ እያንዳንዱ ሳል ደግሞ ፊኛን ይጫናል። ለወራት የሳል ሽሮፕ ሲጠጡ የሚከርሙ አሉ፣ ጥፋተኛው ኪኒኑ ሆኖ ሳለ! ሐኪም እንደ ሎሳርታን ባለ መድኃኒት ሊቀይረው ይችላል።

አምሎዲፒን እግር ሊያሳብጥ ይችላል። ቀን እግር ላይ የተጠራቀመው ውሃ ስትተኙ ወደ ደም ይመለሳል፤ ከዚያ ሌሊቱን ሽንት ቤት መመላለስ ነው። አመሻሹ ላይ እግራችሁን ትራስ ላይ ሰቅላችሁ አረፍ በሉ።

አሁን ለ3 ቀን ወረቀት ያዙ። ኪኒን የዋጣችሁበትን፣ የጠጣችሁበትንና ሽንት ያመለጣችሁበትን ሰዓት ጻፉ። ቡናውም ከአቦል እስከ በረካ ይቆጠር፤ እሱም ሽንት ያጣድፋል። ውሃ መጠጣት ግን አታቁሙ። የወፈረ ሽንት ፊኛን ይቆጠቁጣል፣ የውሃ ማነስ ከላሲክስ ጋር ደግሞ ራስ ያዞራል።

ወረቀቱን ይዛችሁ ሐኪም ጋ ስትገቡ ዙሪያ ጥምጥም አትሂዱ። «ይሄን ኪኒን ከጀመርኩ ወዲህ ሽንቴ ያመልጠኛል» በሉ። ውሃ ጥምም ካለ ስኳር ይታይ። ማቃጠል፣ ደም ወይም ትኩሳት ካለ አትቆዩ። ሽንት ጭራሽ እምቢ ካለ፣ ወይም እግርና ብልት አካባቢ ድንገት ከደነዘዘ ግን ቀጠሮ ሳትጠብቁ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።